ድርቅ የማይገድለውን ሳልቪያ የሚገድሉ ስህተቶች

በበጋ፣ ጓሮው ሁሉ ሲገረጣ፣ ሐምራዊ ዘለላውን ዘርግቶ የሚቆም አበባ ለሚፈልግ የሰሜን ሸዋ ሰው ሳልቪያ ሉካንታን ከልቤ እመክራለሁ። ከበሶብላና ከጦስኝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር አለፍ ይላል፤ ዘለላው እንደ ከፋይ ይለሰልሳል፤ ንብም ይወደዋል። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ እዚያም እንደ እኛው ዝናቡ በክረምት ይወርዳል፣ በጋው ይደርቃል። ስለዚህ ድርቁን ያውቀዋል። እዚህ የሚጎዱት የተኛ ውኃና ውርጭ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት መረሬ አፈር ላይ ሜዳውን ቆፍሮ መትከል ነው። በሸኖና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ጓሮው ጥቁር መረሬ የሆነበት ሰው ብዙ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ አየር የሚገባበት ክፍተት ይደፈናል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። የሚያሳስተው ደግሞ ሥሩ የበሰበሰ ተክል የሚጠወልገው ልክ ውኃ እንደጠማው መሆኑ ነው። ባለቤቱ ያዝንለትና ሌላ ውኃ ይጨምርበታል። ቅጠሉ ጠውልጎ ስታዩ መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ።

ጉድጓድ ቆፍሮ በለም አፈር መሙላትም መረሬ ላይ አያዋጣም። ዙሪያው ውኃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ ክረምቱን ሙሉ ያቁራል። ጥቂት አሸዋ ጣል ማድረግም ለውጥ አያመጣም። የሚያዋጣው ከፍ ያለ መደብ ነው፦ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈርና ብስባሽ ከምሩ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ደግፉ፣ ውኃው የሚወጣበት ቦይ አውጡለት። ገበሬዎቻችን ውኃ የሚተኛበትን ማሳ በቦይ ያጠነፍፉ የለ? ለአበባም ያው ነው። ጓሯችሁ ተዳፋትና ጭንጫ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ አትድከሙ፤ እንዲያውም ታድላችኋል።

ቀጥሎ ውርጭን መርሳት ነው። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ይህ አያሳስብም፤ ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ በመንዝም፣ ከጥቅምት እስከ ጥር የሌሊቱ ቅዝቃዜ ቅጠሉን ሊያጠቁረው ይችላል። ስለዚህ በደጋ መስከረም ላይ አትትከሉ፤ ችግኙ ሥር ሳይሰድ ውርጩ ይደርስበታል። ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ተክላችሁ ብታጠጡት ይሻላል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ከጓሮው ስርጉድ ቦታ አርቁት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የድንጋይ ካብ ወይም ግድግዳ ካላችሁ በደቡብ በኩሉ ትከሉት። ቀን የሞቀው ድንጋይ ሌሊት ሙቀቱን ይመልስለታል።

ውርጭ ያጠቆረውን ግንድ ወዲያው መቁረጥም ያው ስህተት ነው። ማስቀየሙን አውቃለሁ፤ ግቢ የሚያምረው ሲጸዳ ነው። ነገር ግን የደረቀው ግንድ ከሥሩ ላለው ቡቃያ መከለያ ነው። ቀድማችሁ ስትቆርጡት ለጋ ቀንበጥ ያወጣል፤ ያንንም የሚቀጥለው ውርጭ ይበላዋል። እስከ የካቲት ታገሡ፤ ከዚያ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ሁሉንም ቁረጡ። ጨርሶ የማይገርዙት ሰዎችም አሉ፤ ያ ደግሞ መሐሉ እንጨት ሆኖ አበባው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዕፅዋት ተመራማሪዎች ዘንድ ከሳልቪያ ወገን ተቆጥሯል። ዘመድ ነው ብላችሁ ግን እሱንም እስከ ታች እንዳትቆርጡት። ቅጠል የሌለበት አሮጌ ግንዱ ዳግም አያቆጠቁጥም፤ አረንጓዴውን ክፍል ብቻ ከርክሙት።

ፍግ ማብዛትም ይጎዳዋል፣ በተለይ የዶሮ ፍግ። ግንዱ ቶሎ ይረዝምና ይወድቃል፤ ቅጠሉ ይበዛል፣ አበባው ያንሳል። በዓመት አንድ ጊዜ የተብላላ ብስባሽ ይበቃዋል። ከባሕር ዛፍ ሥርም አትትከሉት፤ ጥላም ጥማትም ይሆንበታል።

«ድርቅ ቻይ ነው» ተብሎ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ውኃ የሚከለከል ችግኝም ያሳዝነኛል። ድርቅ የሚችለው ሥሩ ከጠለቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡት። በየቀኑ ላይ ላዩን ማርከፍከፍ ሥሩን ላይ ያስቀረዋል።

በደጋ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ በአንድ ተክል ብቻ አትተማመኑ። መስከረም ላይ አበባ ካልያዘ ቅርንጫፍ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአንጓ ሥር ቁረጡ፤ የታችኛውን ቅጠል አንሱና አሸዋ በበዛበት እርጥብ አፈር ጣሳ ውስጥ ሰክታችሁ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ አቆዩት። ጣሳውን ከሥር መብሳት አትርሱ። ውጪ ያለውን ውርጭ ቢወስደው እንኳ የካቲት መጨረሻ ላይ የምትተክሉት አይጠፋም።