12 ሜትሩ ፌሮ 10 ሜትር መጋዘን ውስጥ፦ የርዝመት መኮማተር ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሪላቲቪቲ (የአንስታይን አንጻራዊነት) ጥያቄ ስሰጥ የተማሪዎቼ እጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጋማ ፎርሙላ ነው፤ ጋማ የሚሮጥ ነገር ስንት እጥፍ አጥሮ እንደሚለካ የሚነግረን ቁጥር ነው። ካልኩሌተሩ ይቆየን። አስቀድማችሁ «የፊቱ ጫፍ የት ነው? የኋላውስ በዚያው ቅጽበት የት ነው? ቅጽበቱ በማን ሰዓት?» ብላችሁ ጻፉ። የሚሮጥን ነገር ርዝመት መለካት ማለት ሁለቱን ጫፎች እኩል፣ ማለትም በአንድ ቅጽበት፣ ምልክት አድርጎ መሃሉን መለካት ነው። አንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ያሳየው ደግሞ ለአንዱ ተመልካች «እኩል» የሆነው ለሌላው እኩል እንዳልሆነ ነው።

አሁን በቁጥር እንሥራው። 12 ሜትር ፌሮ በብርሃን ፍጥነት 0.6 እጥፍ እየበረረ፣ ፊትና ኋላ በር ያለው 10 ሜትር መጋዘን ውስጥ ይገባል። ጋማ 1.25 ነው፤ የሚሮጠውን ነገር ርዝመት ለዚህ ቁጥር እናካፍላለን። ለመጋዘኑ ዘበኛ ፌሮው 9.6 ሜትር ስለሆነ ሁለቱን በሮች እኩል ዘግቶ ወዲያው ይከፍታቸዋል። ፌሮው ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን የሚሮጠው መጋዘኑ ነውና መጋዘኑ 8 ሜትር ብቻ ነው።

ብዙ ተማሪ እርሳሱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። አትጣሉ፤ የጊዜውን ልዩነት አስሉ። ጋማን በፍጥነቱና በበሮቹ ርቀት (10 ሜትር) አባዙ፣ ለብርሃን ፍጥነት ስኩዌር አካፍሉ፤ 25 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ይመጣል። ለፌሮው ተሳፋሪ የመውጫው በር ቀድሞ ይዘጋል፣ ይከፈታልም፤ የመግቢያው በር የሚዘጋው ከ25 ናኖሰከንድ በኋላ ነው። እስከዚያ መጋዘኑ 4.5 ሜትር ይጓዛል። 8 እና 4.5 ሲደመር 12.5። ከ12 ስለሚበልጥ የትኛውም በር ፌሮውን አይነካውም። ይህን ድምር በእጃችሁ ሳትሠሩ አትለፉ፤ ነገሩ በሙሉ ያለው እዚያ ነው።

አሁን የመውጫው በር እንደተዘጋ ይቅር እንበል፤ በሩም የማይበገር ይሁን። የፌሮው ፊት በሩን ሲመታ፣ በተሳፋሪው እይታ ኋላው ገና 4 ሜትር ከመጋዘኑ ውጭ ነው። የመግቢያው በር እዚያ ለመድረስ 22 ናኖሰከንድ ይበቃዋል። የግጭቱ ወሬ ግን በብርሃን ፍጥነት እንኳ ቢሮጥ ኋላው ጫፍ የሚደርሰው በ40 ናኖሰከንድ ነው። ስለዚህ ፌሮው ሙሉ በሙሉ ይገባል፣ በርም ይዘጋበታል። ይህኛው ግን ከፎርሙላው መኮማተር የተለየ ነው፤ እዚህ ብረቱ በእርግጥ ተጨፍልቋል።

«ፌሮ ግትር ነው፣ ፊቱ ሲቆም ኋላውም ይቆማል» የሚል ሁሉ መልሱን የሚስተው ለዚህ ነው። ፍጹም ግትር አካል ቢኖር ኖሮ አንዱን ጫፍ በመግፋት ብቻ ከብርሃን የፈጠነ መልእክት በተላከ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቦርን በ1909 እ.ኤ.አ. ከሪላቲቪቲ ጋር የሚስማማ የግትርነት ትርጉም ለመስጠት ሞከረ፤ በ1911 እ.ኤ.አ. ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ፎን ላውወ ፍጹም ግትር አካል ሊኖር እንደማይችል አሳየ። ኮምቦልቻ ብረት መሸጫ ደጃፍ ቆማችሁ ጫኝና አውራጆቹን ተመልከቱ፦ ፌሮውን ከፊት ሲያነሱት መሃሉ ይረግባል፣ ጅራቱ ዘግይቶ ይነሣል፣ ከዚያም ደጋግሞ ይወዛወዛል። ተራ ግፊት በብረት ውስጥ በሰከንድ 5 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚሄድ 12 ሜትሩን ለማቋረጥ ከ2 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል።

ፈተና ላይ «ግትር ዘንግ» የሚል ካያችሁ ለእያንዳንዱ ጫፍ የራሱን ጊዜ ጻፉለት። ለልምምድ ፍጥነቱን 0.8 አድርጋችሁ ሁሉንም ድገሙት፤ ለተሳፋሪው መጋዘኑ 6 ሜትር፣ የበሮቹ ልዩነት ደግሞ 44 ናኖሰከንድ ገደማ ሊመጣላችሁ ይገባል።