አስትሮፊዚክስ ለምታስቡ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ አስትሮፊዚክስ (የከዋክብትና የሌሎች የሰማይ አካላት ፊዚክስ) ካሰባችሁ 11ኛ ክፍል ስትገቡ የተፈጥሮ ሳይንስ ምረጡ፤ ይሄ አያከራክርም። ችግሩ ብዙ ልጆች ፊዚክስ ላይ ተጠምደው ሒሳብን ለፈተና ያህል ብቻ ማንበባቸው ነው። የዚህ ሙያ ዋናው መሣሪያ ሒሳብ ነው። ካልኩለስ፣ ቬክተርና ሎጋሪዝም እስኪዋሃዷችሁ ድረስ ሥሩ።

እስቲ ዛሬ ማታ ይህችን ሞክሩ። ጁፒተር ከፀሐይ ያላት ርቀት የመሬትን 5.2 እጥፍ ነው። በካልኩሌተር 5.2×5.2×5.2 ምቱ፤ 140.6 ይመጣል። ስኩዌር ሩቱን አውጡ፤ 11.86። ጁፒተር ፀሐይን አንዴ ለመዞር የሚፈጅባት ይህንኑ ያህል ዓመት ነው! የኬፕለር ሦስተኛው ሕግ ይሄው ነው፤ ርቀቱን በመሬት ርቀት፣ ጊዜውን በዓመት ከለካችሁ የርቀቱ ኪዩብ ከጊዜው ስኩዌር ጋር እኩል ነው። ይህን ስታዩ ደስ ካላችሁ በርቱ፣ መንገዱ የእናንተ ነው።

ኬሚስትሪን አትናቁ፤ ኮከብ ከምን እንደተሠራ የሚታወቀው ብርሃኑን በትኖ የየንጥረ ነገሩን መስመር በማንበብ ነው። የምርምር ጽሑፎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆኑ እንግሊዝኛችሁንም አጠንክሩ። ኮምፒውተር ያገኘ ካሁኑ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይጀምር፤ የቴሌስኮፕ ዳታ የሚተነተነው ኮድ በመጻፍ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ደግሞ አስትሮኖሚ የሚል ዲፓርትመንት ፍለጋ አትንከራተቱ። የመጀመሪያ ዲግሪ በፊዚክስ ይበቃል፤ እሱ እዚሁ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲም አለ። አስትሮፊዚክሱ በማስተርስ ይደርሳል። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ዕድሉን ካገኛችሁ 12ኛን ሳትጨርሱ ሄዳችሁ እዩአቸው።