ወታደር የነበረችን እናት ወይም አክስት ስለ ፍቅሯ እንዴት ታስወሯታላችሁ?

ከራሴ ስህተት ልጀምር። አክስቴ በደርግ ጊዜ አሥመራ፣ ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ውስጥ መገናኛ ክፍል ነበረች። አንድ ፋሲካ ቤቱ በዘመድ ጢም ብሎ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ባለቤቷ ጎኗ ተቀምጦ፣ እኔ ጅሉ «ጦር ሜዳ ፍቅረኛ ነበረሽ እንዴ?» አልኳት። «ሂድ ወዲያ፣ ጠላ ቅዳ» አለችኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ውትድርናዋ ትንፍሽ አላለችም።

ስለዚህ ብቻዋን አግኟት። ሽንኩርት ስትከትፍ ወይም ቡና ስትቆላ ቢሆን ጥሩ ነው። እጇ ሥራ ከያዘ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ የለም፣ ወሬው ራሱ ይመጣል።

«ፍቅር» የምትለዋን ቃል አታንሷት። ከሆድ ጀምሩ። ኮቸሮው በምን ይወርድላችሁ ነበር? የኮዳ ውሃ ስንት ቀን ያቆያል? ፀጉራችሁን የት ትታጠቡ ነበር? እኔ ስለ ሻይ ስጠይቃት ነው አክስቴ «ስኳር የሚያመጣልን አንድ የስንቅና ትጥቅ ልጅ ነበር» ያለችው፣ ያውም አንገቷን ሳታቀና። እዚህ ጋ ነው ሁላችንም የምንቸኩለው። «ትወጂው ነበር?» ብትሉ በሩ ይዘጋል። «ስኳሩን ከየት ነበር የሚያመጣው?» በሉ።

ዓመተ ምህረት አታድርቋት፣ ሰው ጦርነትን በቁጥር አያስታውስም። ክስተት ስጧት። አፋቤት በሻዕቢያ የተያዘው መጋቢት 1980 ነው፣ ምጽዋ የካቲት 1982፣ አሥመራ ግንቦት 16 ቀን 1983። ምሥራቅ ግንባር፣ የሶማሊያው ጦርነት ላይ ከነበረች ደግሞ ካራማራ አለላችሁ፣ የካቲት 1970። «ከአፋቤት በፊት ነው በኋላ የተዋወቃችሁት?» ስትሏት ወዲያው ትመልሳለች፣ ወሩን እናንተ ታሰሉታላችሁ።

በሌላኛው ወገን፣ ታጋይ ከነበረች አካሄዱ ይለያል። ሕወሓት ውስጥ በትግሉ የመጀመሪያ ዓመታት በታጋዮች መካከል ፍቅር ክልክል ነበር፣ የተፈቀደው ቆይቶ ነው። ሻዕቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 የራሱን የጋብቻ ሕግ አውጥቷል። እንዲህ ያለችውን ሴት ስለ ሰውየው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ደንቡ ጠይቋት፤ ሁለት ሰው ሲዋደድ ማን ያውቅ ነበር፣ ግምገማ ላይ የተነሳበት ሰውስ ምን ይሆን ነበር? ስለ ጓደኞቿ ማውራት ከጀመረች አታቋርጧት፣ ብዙ ጊዜ «ጓደኛዬ» የምትላት ራሷ ናት።

ፎቶ ካወጣች ጀርባውን አዙሩት። ቀን፣ ቦታ፣ አንዳንዴም «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚል አለበት። በሁለቱም በኩል በቀን ብርሃን አንሱት፣ ፍላሽ ይጥፋ። የተቀደደ ደብዳቤ በፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ፣ ያበላሸዋል። ደብዳቤ ስታነቡ ደግሞ «ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» በሚለው አትሸወዱ፣ ያን ጊዜ ሰው ለወንድሙም እንዲሁ ነበር የሚጽፈው። እኔ የማየው ወረቀቱ ሲያልቅ በጎን በኩል ተጨናንቆ የተጻፈውን ነው።

በስልክ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዷት። «ይሄን አጥፋው» ካለች እያየች አጥፉት። አባታችሁ ከዚያ ከጦር ሜዳው ሰው በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ አባታችሁ ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብሎ ዜና እያየ ነው።

«ሞተ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ በእግሩ ሱዳን ገባ፣ ስንቱ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። «መጨረሻ ያየሽው የት ነው?» ይሻላል። አክስቴ ለዚች ጥያቄ ነው ቢላዋውን ያስቀመጠችው። ከረን መንገድ፣ ጭነት መኪና ላይ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ስኳር ወርውሮላት።

ሳታስፈቅዱም ፌስቡክ ላይ ሰውየውን መፈለግ የለም። እኔ «ልፈልገው?» ብያት ትንሽ አሰበችና «ተወው፣ ሽምግሎ ላየው አልፈልግም» አለች። ሽንኩርቱንም ቀጠለች።