ነጠላ ሕዋስ ንባብ ሲበላሽ፦ ማሽኑን ከመክሰሳችሁ በፊት ብልቃጡን ጠይቁ

በምሠራበት ቤተ ሙከራ ሕዋሳትን አንድ በአንድ በጠብታ ውስጥ እየከተተ ለአር ኤን ኤ ንባብ የሚያዘጋጅ ማሽን ከተተከለ ወዲህ፣ «ተበላሽቷል፣ ቶሎ ድረስ» ተብዬ የተጠራሁባቸውን ቀናት መቁጠር ትቻለሁ። ማሽኑ በእርግጥ ታሞ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የማሸጊያው ላስቲክ አርጅቶ ግፊት ያመልጠው ነበር፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የቸኮለ ሰው ዘይት ትሪው ላይ ደፍቶ ሳይናገር ሄዷል። በቀረው ጊዜ ሁሉ በሽተኛው ብልቃጡ ውስጥ ነበር።

ጓንት ማድረግን፣ ጠረጴዛ ማጽዳትን፣ የአገልግሎት ጊዜ ማየትን፣ ባርኮድ የሚሸከሙትን የጄል ዶቃዎች ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አውጥቶ ለ30 ደቂቃ በክፍሉ ሙቀት ማቆየትን ታውቃላችሁ ብዬ እነሳለሁ። አንድ ቺፕ (ጠብታዎቹ የሚሠሩበት ባለ ቀጭን መስመር ሳህን) ሁለት ጊዜ እንደማይሠራም እንዲሁ። ገንዘብ ለመቆጠብ አጥቦ ሊጠቀምበት የሞከረ ሰው አውቃለሁ፤ የቆጠበው ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአንድ ሕዋስ ሙሉ የመልእክተኛ አር ኤን ኤ ንባብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም፣ ከአይጥ ፅንስ የተወሰደው ሕዋስ በእጅ የተለቀመ ነበር። የሞተውን በዓይን አይቶ መጣል ይቻል ነበር ማለት ነው። በ2015 ከሃርቫርድ የወጡት ሁለት የጠብታ ዘዴዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳትን በአንድ ጊዜ ማንበብ አስቻሉን፤ በምትኩ ዓይናችንን ወሰዱብን። ማሽኑ ሕያው ከሙት አይለይም። ያቀረባችሁለትን ሁሉ በጠብታ ጠቅልሎ፣ 16 ፊደል ያለው ባርኮድ፣ ማለትም የጠብታውን የዲ ኤን ኤ መለያ፣ ለጥፎ ያልፋል። አንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ጠቅላላ አር ኤን ኤ 10 ፒኮግራም ገደማ ነው፤ ከዚህም መልእክተኛው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ሕዋሱ ጠብታው ውስጥ ሳይገባ ከፈነዳ ያቺ ጥቂት ነገር ፈሳሹ ውስጥ ባዝና ቀረች።

ምልክት፦ ከቺፑ የወጣው ፈሳሽ ወጥ አይደለም

ጤነኛው ኢመልሽን (ዘይት ውስጥ የተንሳፈፉት ጠብታዎች) እንደ ወተት ነጭና ወጥ ነው። በፒፔቱ ጫፍ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ተለይቶ ከታየ፣ ወይም ከአንዱ መስመር የወጣው ከጎረቤቱ በግልጽ ካነሰ፣ ያ መስመር ተደፍኗል ወይም ጠብታዎቹ ተዋህደዋል። መንስኤው አንድም በጉድጓዱ ግርጌ የተቀመጠ የአየር አረፋ ነው፣ አንድም ባዶ ጉድጓዶች 50 በመቶ ግሊሰሮል ሳይሞላባቸው መቅረቱ ነው፣ አንድም ጓል ነው። ጓሉን ከታች እመለስበታለሁ። መድኃኒት የለውም፤ ያንን መስመር ጣሉት። ሕዋስ ተርፏችሁ በበረዶ ላይ ከሆነና ብዙ ካልቆየ በአዲስ ቺፕ ጀምሩ። «ምናልባት ይወጣለት ይሆናል» ብላችሁ የተለያየውን ፈሳሽ ወደ ንባብ አትላኩ። የንባቡ ሂሳብ ከቺፑ ይበልጣል።

ምልክት፦ ከጠበቃችሁት በታች ሕዋስ አገኛችሁ

ቆጠራችሁ ስህተት ነበር። ከምትጭኑት ውስጥ የሚያዘው ከግማሽ ብዙም የማይበልጥ መሆኑን ረስታችሁም ሊሆን ይችላል። በማይክሮሊትር ከ700 እስከ 1,200 ሕዋሳት ይኑር፤ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ፤ ከመቅዳታችሁ በፊት ብልቃጡን በቀስታ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉ። ሕዋሳት ወደ ታች ይዘቅጣሉ።

ምልክት፦ አንዱ ሕዋስ ሁለት ማንነት አለው

የሁለት የተለያዩ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ የቲ ሕዋስና የቢ ሕዋስ፣ ምልክቶች በአንድ ባርኮድ ሥር ከተገኙ አዲስ የሕዋስ ዓይነት አላገኛችሁም፤ መንታ ነው። ሁለት ሕዋሳት አንድ ጠብታ ተጋርተዋል። በተለመደው ቺፕ ከ1,000 የተያዙ ሕዋሳት 0.8 በመቶ ገደማ መንታ ይሆናሉ፤ 10,000 ስትይዙ ወደ 8 በመቶ ያድጋል። «ገንዘቡ ከወጣ አይቀር ጨምርበት» የሚል አለቃ ካላችሁ ይህን ስሌት አሳዩት። ብዙ መጫን ግድ ከሆነ የየሰዉን ሕዋሳት አስቀድማችሁ በተለያዩ ባርኮድ ባላቸው ፀረ እንግዳ አካላት ምልክት አድርጉባቸው፤ ከተለያዩ ሰዎች የመጡትን መንታዎች ኋላ ትለያላችሁ።

ምልክት፦ በየሕዋሱ የተነበበው ዘረ መል ጥቂት ነው፣ ማይቶኮንድሪያው በዝቷል፣ ሄሞግሎቢን የሌለበት ሕዋስ የለም

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ነው። ማይቶኮንድሪያ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ነው፤ የእሱ አር ኤን ኤ ድርሻ ሲበዛ ብዙውን ጊዜ ሕዋሱ ተጎድቷል ማለት ነው። ባርኮዶቹን ባላቸው አር ኤን ኤ ብዛት የሚደረድረው ግራፍ በጤናው ጊዜ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ ገደሉ ሕዋስ ያለበትን ጠብታ ከባዶው ይለያል። ይህ ምልክት የገጠማቸው ሰዎች የሚያመጡልኝ ግራፍ ግን እንደ ሜዳ የተንጣለለ ነው። ባዶው ጠብታም አር ኤን ኤ አለው፣ ሙሉውም አለው፤ ሁሉም የጠጣው አንድ ሾርባ ነው። ሾርባውን የሠሩት በመንገድ የሞቱ ሕዋሳት ናቸው።

አንድ ቀን አንዲት ተመራማሪ ተማሪ መጣች። «ጋሼ፣ ሕዋሶቼ 95 በመቶ ሕያው ነበሩ፤ እባክዎ ማሽኑን ያስፈትሹልኝ።» የመቁጠሪያ መሣሪያውን ወረቀት ይዛለች፤ እውነትም 95 ይላል። «ከናሙናው የተረፈ አለሽ?» አልኳት። አላት። «እስቲ አንቺ ራስሽ በማይክሮስኮፑ እይው።» ዝም ብላ ብዙ ቆየች። መሣሪያው ሕያው ብሎ የቆጠረው ቀይ የደም ሕዋሳትን ነበር። ቀይ የደም ሕዋስ ትራይፓን ብሉ (የሞተ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሰማያዊ የሚያደርግ ቀለም) ካልገባበት ለመሣሪያው ሕያው ነው፤ ለእኛ ግን ኑክሌየስም የለው፣ የምንፈልገውም አይደለም፤ ሲፈነዳ ደግሞ ሄሞግሎቢኑን በሁሉም ላይ ይረጫል። ነጮቹ ብቻ ሲቆጠሩ ከግማሽ የሚበልጡት ሰማያዊ ነበሩ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቆጠራውን አስተካክሉ። አክሪዲን ኦሬንጅና ፕሮፒዲየም አዮዳይድ የተባሉትን ቀለሞች ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ኑክሌየስ ያለውን ሁሉ አረንጓዴ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ሙቱን ቀይ። ቀይ የደም ሕዋስ ከጨዋታው ይወጣል። ከትራይፓን ብሉ ሌላ ከሌላችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቁጠሩ፤ ሲቆይ ሕያዋኑንም ይመርዛል። ያረጀው ቀለም ደግሞ ዝቃጭ ይሠራል፤ መሣሪያውም ዝቃጩን ሙት ሕዋስ ነው ይላል። ወረቀቱ ምንም ይበል፣ በዓይናችሁ ሳታዩ አትጫኑ።

ቀጥሎ የት እንደሞቱ ፈልጉ። በእኔ እጅ ያለፈው አብዛኛው ከሩቅ የመጣ የቀዘቀዘ ናሙና ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚላኩ ከደም የተለዩ ነጭ ሕዋሳትም በየጊዜው ይደርሱኛል። እነዚህ ሦስት ቦታ ይሞታሉ፦ ሲቀዘቅዙ፣ ሲጓዙ፣ ሲቀልጡ።

ሲቀዘቅዙ ሙቀታቸው በደቂቃ አንድ ዲግሪ ብቻ መውረድ አለበት። ለዚህ የሚሠራው የአልኮል ዕቃ ጥሩ ነው፤ ውስጡ ያለው አይሶፕሮፓኖል ግን በየአምስት አጠቃቀሙ መለወጥ አለበት። አንድ ቦታ «መቼ ለወጣችሁት?» ብዬ ስጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። ዕቃው ሲገዛ የተሞላው አልኮል ነበር። ደግሞም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማደሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። በቀናት ውስጥ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን አዛውሩ። ስድስት ወር እዚያው ከርሞ የመጣ ብልቃጥ አትላኩልኝ፤ መልሴን አሁኑኑ ልስጣችሁ፣ ሞቷል።

በጉዞው ላይ ደረቅ በረዶ ያልቃል። አሥራ ሁለት ብልቃጥ የያዘ ሳጥን አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ውስጥ ቅዳሜና እሑድን አሳልፎ መጣልኝ። ስከፍተው ከደረቁ በረዶ የቀረ አልነበረም። ብልቃጦቹ ከውጭ ሲታዩ ጤነኛ ነበሩ፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱም 40 በመቶ አልሞላ። ወረቀቶቹ በሙሉ ፊርማ ነበራቸው፤ ሙቀት መዝጋቢ ግን ማንም አላስገባም። በናይትሮጅን ትነት በሚቀዘቅዝ ማጓጓዣ ላኩ። መዝጋቢ አስገቡ። ሐሙስ ወይም ዓርብ አትላኩ። ይህ የማይቻል ከሆነ በቅርብ ዓመታት የመጣውን መንገድ አስቡበት፦ ሕዋሱን እዚያው በፎርማልዲሃይድ አጽንቶ ለጸና ሕዋስ በተሠራው ዘዴ ማንበብ። የጸና ሕዋስ በመንገድ አይሞትም።

በማቅለጥ ጊዜ ደግሞ የሚገድለው ችኮላ ነው። ብልቃጡን በ37 ዲግሪ ውኃ ያዙ፤ የምስር ፍሬ የምታህል በረዶ ስትቀር አውጡ። እስከዚህ ፍጠኑ። ከዚህ በኋላ አትፍጠኑ። ሕዋሱ በዲ ኤም ኤስ ኦ (ሲቀዘቅዝ ከበረዶ እንዲጠብቀው በተጨመረ ፈሳሽ) ተሞልቷል፤ ድንገት አሥር ሚሊሊትር ብታፈሱበት ዲ ኤም ኤስ ኦው ከመውጣቱ በፊት ውኃው ገብቶ ያፈነዳዋል። የመጀመሪያውን አንድ ሚሊሊትር ሞቅ ያለ የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ በጠብታ፣ እየነቀነቃችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ መጠኑን በየደቂቃው እጥፍ እያደረጋችሁ ሂዱ። ከቡና ማፍላት የማይበልጥ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ከዚያ ሴንትሪፊውጅ። ማስታወሻችሁ ላይ «1,500 ዙር በደቂቃ» ብላችሁ የጻፋችሁ ሁሉ አሁኑኑ ሰርዙት። ዙር ኃይል አይደለም። ክንዱ 10 ሴንቲሜትር በሆነ ማሽን 1,500 ዙር 250 ጂ (የመሬት ስበት 250 እጥፍ) ገደማ ነው፤ 17 ሴንቲሜትር በሆነው ላይ ወደ 430 ጂ ይደርሳል። አንድ ባልደረባዬ አዲሱን ትልቅ ማሽን በድሮው ማስታወሻ ሲያንቀሳቅስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሕዋሳቱ ለምን እንደ ጭቃ እንደሚጣበቁ አላወቀም ነበር። የተጣበቀውን ለመበተን በጠባብ ፒፔት ጫፍ ሲመታው ደግሞ የተረፉትን ቀደደ። 300 ጂ፣ አሥር ደቂቃ፣ አፈ ሰፊ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ።

አሁን ወደ ጓሉ። የሞተ ሕዋስ ዲ ኤን ኤውን ይለቃል፤ ዲ ኤን ኤ ደግሞ እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል፣ ሕያዋኑንም ይሰበስባል። ብልቃጡ ውስጥ በደንብ ያልታሸ ገንፎ የመሰለ ነገር ካያችሁ ይኸው ነው። ዲ ኤን ኤን የሚቆራርጠውን ኢንዛይም፣ ዲኤንኤዝን፣ ጨምሩ፣ ለጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ እጠቡ። እዚህ ላይ የማይሰለቸኝ ስህተት አለ፦ ዲኤንኤዝ ማግኒዥየም ይፈልጋል፤ ሰዎች ግን ጓሉን ለመከላከል ብለው በዚያው ፈሳሽ ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል ያደርጋሉ። ኢዲቲኤ ማግኒዥየሙን ይጠልፋል፣ ኢንዛይሙ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። «ዲኤንኤዙ የተጭበረበረ ነው» ብሎ ሦስት ኩባንያ ያማረረ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ የተለወጠውን አልረሳም። የተረፈ ኢዲቲኤ ኋላ ጠብታው ውስጥ አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይምም ስለሚያስተኛ የመጨረሻው እጥበት ካልሲየምና ማግኒዥየም በሌለው ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ላይ 0.04 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ተጨምሮበት ይሁን፤ ኢዲቲኤ አይኑርበት።

ከዚያ በ40 ማይክሮሜትር ወንፊት አጥልሉ። ወንፊቱን አስቀድማችሁ አርጥቡት፤ አለበለዚያ ሩብ ሕዋሳችሁን ይጠጣል። ስለ ወንፊት ካነሣን፣ ያ ስም የለሽ ርካሽ ወንፊት ይቅርባችሁ። መረቡ በሙጫ የተያያዘ ነው። አንዱን ስጠቀም መረቡ ተላቆ ከሕዋሳቱ ጋር ብልቃጡ ውስጥ ወደቀ፤ የስድስት ሰዓት ሥራ ነበር። ርካሽ የፒፔት ጫፍም እንዲሁ፤ በደንብ አይገጥምም፣ አየር ያስገባል፣ አረፋው ቺፑን ይደፍናል፣ ከዚያ እኔ እጠራለሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ የሕያዋኑ ድርሻ ከ70 በመቶ በታች ከሆነ አትጫኑ። ከ90 በላይ ሲሆን ደስ ይለኛል። በመካከል ከሆነ የሞቱትን አኔክሲን (የሞተ ሕዋስን የሚይዝ ፕሮቲን) ባላቸው ማግኔት ዶቃዎች አውጡ ወይም ሕያዋኑን በፍሎው ሳይቶሜትር (ሕዋሳትን አንድ በአንድ በጨረር እያየ በሚለይ መሣሪያ) ለዩ። በማግኔቱ መንገድ ግማሹን ልታጡ ትችላላችሁ፤ ጥቂት ሕዋስ ያለው ሰው አይሞክረው። ከተሳካም በኋላ ብልቃጡን በበረዶ ላይ አድርጋችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ጫኑ። ምሳ በልቶ የሚመለስ ሰው ሌላ ናሙና ይዞ ይመለስ።

ንባቡ አልቆ ሾርባውን ያያችሁት ከሆነ ሱፕኤክስና ሴልቤንደር የተባሉት ፕሮግራሞች ጥቂቱን ይቀንሱላችኋል። የፈሰሰውን ወደ ሕዋሱ አይመልሱም። ሕዋስ የምትጥሉበትን የማይቶኮንድሪያ ገደብም ከሰው ጽሑፍ ገልብጣችሁ 5 በመቶ አትበሉ፤ የልብ ጡንቻ ሕዋስ ጤነኛ ሆኖም ከዚያ እጅግ ያልፋል፣ ልባችሁን ወርውራችሁ ትቀራላችሁ።

ብርቅ የሆኑት

ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ጠፋ፦ አር ኤን ኤው ጥቂት፣ አር ኤን ኤ የሚፈጭ ኢንዛይሙ ብዙ ነው፤ ከቀዘቀዘ ናሙናም አይጠበቅም።

ፎስና ጁን የተባሉት የድንጋጤ ዘረ መሎች በሁሉም ሕዋሳት ላይ ጮኹ፦ ቲሹውን በ37 ዲግሪ ስትበትኑት ደንግጠዋል፤ በብርድ የሚሠራ ፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ሞክሩ።

በረዶ ከሆነ ቲሹ ሙሉ ሕዋስ አልወጣም፦ አይወጣም። ኑክሌየሱን ለይታችሁ እሱን አንብቡ፤ ማይቶኮንድሪያው ያን ጊዜ ዜሮ አጠገብ ካልሆነ እጥበቱን ድገሙት።