ተርኪው ራሱ «እዚህ ነኝ» እንዲላችሁ

አሜሪካ ውስጥ በጸደይ የዱር ተርኪ (የቱርክ ዶሮ የሚባለውን ትልቅ ወፍ) ለማደን ስትወጡ ከባዱ ነገር መተኮሱ አይደለም። የት እንዳለ ማወቁ ነው። ጫካው ሰፊ ነው፣ ገና አልነጋም፣ ወፉ ደግሞ ዓይኑ ለጉድ ነው። እየዞራችሁ ብትፈልጉት እናንተ ሳታዩት እሱ አይቷችሁ ውልቅ ይላል። ስለዚህ የምትፈልጉት በጆሮ ነው። ሎኬተር ኮል የሚባለው ዘዴ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ የሌላ እንስሳ ድምፅ ታሰማላችሁ፣ አውራው፣ ማለትም ወንዱ ተርኪ፣ ይጮሃል፣ ያለበትን ታውቃላችሁ።

ለምን ይጮሃል? ወቅቱ የመራቢያው ነው፣ ደሙ ፈልቷል። ድንገት ኃይለኛ ድምፅ ሲሰማ ሳያስበው «ጎብል» ብሎ ይለቀዋል። አዳኞች «ሾክ ጎብል» ይሉታል። የጉጉት ድምፅ ያስጮኸዋል፣ የቁራ ያስጮኸዋል፣ የመኪና በር ጓ ሲል ወይም ነጎድጓድ ሲያጓራ እንኳ ይጮሃል። ግን ሊመጣ ፈልጎ አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። የሴት ተርኪ ድምፅ ብታሰሙት ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ጉጉት ብትሆኑበት ግን መልሶ ጮኾ እዚያው ይቀመጣል።

እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ወፍ ካመለጠኝ በኋላ ነው። መንገድ ላይ እየሄድኩ በሴቷ ድምፅ ስጣራ አንዱ ከ60 ሜትር በማይበልጥ ርቀት መለሰልኝ። የምቀመጥበት ዛፍ ስፈልግ ቁጥቋጦው መሀል ጭንቅላቱ ብቅ አለ፣ አየኝ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምንም ድምፅ ከማሰማቴ በፊት ቀና ብዬ የምደገፍበትን ዛፍ እመርጣለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የጉጉት ድምፅም ቢሆን መልሱ ከአጠገባችሁ ሊመጣ ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ተርኪ መሬት ላይ አያድርም፣ ጀምበር ስትጠልቅ ትልቅ ዛፍ ላይ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ራቅ ብላችሁ ቁሙና አድምጡ፤ ከባድ ክንፍ ቅርንጫፍ ሲመታ ይሰማል። ዝም ካለ አንድ ጊዜ የጉጉት ድምፅ አሰሙ። ከመለሰ የዛፉን አቅጣጫ ስልካችሁ ላይ ባለው ካርታ ምልክት አድርጉና ተመለሱ፣ ጠጋ ብላችሁ ለማየት አትሞክሩ። ቀን ላይ ደግሞ መሬቱን እዩ፦ የተጫረ ቅጠል፣ ላባ፣ አፈር ላይ የተንከባለሉበት ቦታ። የወንዱ ኩስ ረዘም ብሎ ጫፉ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፣ የሴቷ ጥቅልል ያለ ነው።

ጠዋት ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሁኑ። ከዚያስ? ምንም። ዝም ብላችሁ አድምጡ። ብዙ ሰው ከመኪና እንደወረደ የጉጉት ድምፅ የሚያወጣውን ፊሽካ ይነፋል፣ እኔ አልደግፈውም። ጫካው ውስጥ እውነተኛ ጉጉትና ቁራ ካለ ሥራችሁን እነሱ ይሠሩላችኋል። ተርኪው በራሱ ጊዜ እየጮኸ ከሆነም ማስጮህ ለምን አስፈለገ? ሎኬተር ዝም ላለ ወፍ ነው።

ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ገርጣ ማለት ሲጀምር፣ አሁንም ጸጥ ካለ፣ ያኔ ጉጉት ሁኑ። የሚመሰለው ባርድ አውል የሚባለው ጉጉት ነው። ድምፁ ዜማ አለው፦ «ሁ ሁ ሁ-ሁዉ… ሁ ሁ ሁ-ሁዋዉ»፣ የመጨረሻዋ ወርዳ ትጎተታለች። አሜሪካኖቹ ዜማውን ለመያዝ «ማነው የሚያበስልልህ» የሚል ቃል ሰጥተውታል። በፊሽካም ይሆናል፣ ከተለማመዳችሁ በአፋችሁም ይሆናል። ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ይውጣ። ዘፈን አታድርጉት ግን። መጀመሪያ አንዷን ሐረግ ብቻ፣ ቀለል አድርጋችሁ፤ ቅርብ ካለ በሱ ይበቃዋል። ካልመለሰ ጥቂት ቆይታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሙሉውን ልቀቁት።

እና ወዲያው ዝም! አውራው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ድምፃችሁ እንኳ ሳያልቅ ነው፣ አየሩን ሁሉ እናንተ ከሞላችሁት መልሱ ውስጡ ሰምጦ ይቀራል። ኮፍያችሁን ከጆሯችሁ አንሡ፣ እጃችሁን ከጆሮ ጀርባ እንደ ጭልፋ አድርጉ፣ አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጉ፣ አትንቀሳቀሱ፣ የጃኬት ኮሽታ እንኳ ሩቅ ያለን ድምፅ ይሸፍናል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ጠሪውና አድማጩ ይለያዩ፤ አድማጩ 20 ወይም 30 እርምጃ ራቅ ይበል፣ ጠሪው ያልሰማውን እሱ ይሰማዋል።

መለሰ እንበል። ደግማችሁ አታስጩኹት። አንድ ድምፅ አቅጣጫ ይሰጣል፣ ርቀት ግን ያሳስታል። ቅጠል ሳይወጣ በፊት ድምፁ ከሩቅ ይመጣል፣ ቅጠሉ ከሞላ በኋላ ደግሞ ቅርብ ያለው ሩቅ ይመስላል። ዛፍ ላይ ሆኖ ፊቱን ሲያዞርም ድምፁ አንዴ ይጎላል አንዴ ይታፈናል። በራሱ እስኪደግም ጠብቁ፣ ወይም ጥቂት ወደ ጎን ሄዳችሁ ሌላ ቦታ ሆናችሁ ስሙት፤ ካርታው ላይ ከሁለቱ ቦታ መስመር ብትስቡ የሚገናኙበት አካባቢ ነው ያለው።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ የጉጉት ነገር እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ያኔ ቁራ ነው። ቁራ ሹል ነው፣ ድንገተኛ ነው፦ «ካ! ካ! ካ!» ብላችሁ በሁለትና ሦስት ሰከንድ ቁረጡት። ካልመለሰ ከ200 እስከ 300 ሜትር ሄዳችሁ፣ ኮረብታ ወይም የሸለቆ አፋፍ ላይ ስትደርሱ ድገሙት። ግንደ ቆርቁርም ረፋድ ላይ ይሠራል፣ ቁራ ከሰለቻቸው እሱን ሞክሩ። የኮዮቲ (ቀበሮ የሚመስል የአሜሪካ የዱር አውሬ) ጩኸት ሩቅ ይሰማል፣ ምሽት ላይ ብዙዎች ይጠቀሙበታል። እኔ የመጨረሻ ነው የማደርገው፣ ምክንያቱም ኮዮቲ ተርኪ ይበላል፣ አንዳንዱ ወፍ ሲሰማው ጭራሽ ዝም ይላል።

ምንም ካልመለሰስ? ወፍ የለም ማለት አይደለም። ሴቶቹ አጠገቡ ካሉ ወይም ነፋስ ከበረታ ዝም ሊል ይችላል። ትናንት ምልክት ካያችሁ ቦታውን አትልቀቁ። ሴቶቹ ዕንቁላላቸው ላይ ለመቀመጥ ጥለውት ሲሄዱ ብቻውን የቀረው አውራ ረፋድ ላይ መጮህ ይጀምራል፣ በጊዜ ወደ ቤት የሄደ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

አንድ ነገር አደራ። የሰማችሁት ጎብል ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል፣ የሰማችሁት ጉጉትም እንዲሁ። ድምፅ ተከትላችሁ አድብታችሁ ወፉ ላይ ለመድረስ አትሞክሩ፤ ሰው የሚመታው እንደዚህ ነው። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ፣ የአውራው ጭንቅላት ቀለም ነው። ሰው ሲመጣ ካያችሁ እጅ አታውለብልቡ፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ሕጉም ከግዛት ግዛት ይለያያል፦ ብዙ ቦታ ተኩስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ጀምሮ ነው፣ አንዳንዱ ግዛት እኩለ ቀን ላይ ያስቆማል፣ በጸደይ በአብዛኛው የሚፈቀደው ደረቱ ላይ «ጺም» (እንደ ፀጉር የተንጠለጠለ ላባ) ያለው ወፍ ብቻ ነው፣ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ መጣራት ደግሞ በብዙ ግዛት ክልክል ነው። የዘንድሮውን ደንብ አንብባችሁ፣ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ወፉ ያለበትን ካወቃችሁ ጨለማው ሳይለቅ ኮረብታውን ተከልላችሁ ዞራችሁ ሂዱ። ከማደሪያው ዛፍ ከ100 እስከ 150 ሜትር ሲቀራችሁ ቁሙ። ከዚህ በላይ መጠጋት ያጓጓል፣ ግን ከላይ ሆኖ ያያችኋል። ከትከሻችሁ የሚሰፋ ግንድ ፈልጋችሁ ተደገፉ፣ ከእግራችሁ ሥር ያለውን ደረቅ ቅጠል በእጃችሁ ጥረጉ፣ መሣሪያውን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ። የጉጉቱ ፊሽካ ኪስ ይግባ። አሁን ነው የሴቷን ድምፅ፣ ያውም በለሆሳስ፣ የምታወጡት።