ጽሑፉ ደህና፣ ፒዲኤፉ ግን ወልጋዳ

የጥናት ጽሑፍን በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚቀረጽ ተራ ጽሑፍ) ጽፎ ፓንዶክ በተባለው የሰነድ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ዎርድ መቀየር ሲለመድ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር ስህተቱ የሚታይበትና የሚነሳበት ቦታ መለያየቱ ነው። መጀመሪያ ፓንዶክ ያነባል፣ ቀጥሎ ፊልተሮች (ሰነዱን መሃል ላይ የሚያስተካክሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) በተራ ይሠራሉ፣ ፒዲኤፍ ከተፈለገ ደግሞ መጨረሻ ላይ ገጹን የሚያቀናብረው ላቴክ ይረከባል። ስለዚህ ምንም ከመነካካትዎ በፊት ያንኑ ፋይል ወደ ኤችቲኤምኤል ይቀይሩት። እሱ በደንብ ከወጣ ጥፋቱ ያለው ላቴክ ጋ ነው።

ማጣቀሻው አልወጣም

እዚህ ላይ ሁለት ምልክቶች ይምታታሉ። በጽሑፉ መሃል የማጣቀሻው ቁልፍ (ከ@ ቀጥሎ የሚጻፈው የምንጩ አጭር መጠሪያ) ከጥያቄ ምልክት ጋር በቦልድ ከመጣ፣ ፓንዶክ ቁልፉን ፈልጎ በማጣቀሻ ፋይሉ ውስጥ አላገኘውም። አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ግድፈት ነው። የ@ ምልክቱ ከነቅንፉ እንዳለ ከወጣ ግን ማጣቀሻዎቹንና ዋቢ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሲትፕሮክ ጭራሽ አልሠራም፤ ትእዛዙ ላይ ይጨምሩት። ከ2020 ጀምሮ፣ ማለትም ከስሪት 2.11 ወዲህ፣ ሲትፕሮክ ፓንዶክ ውስጥ አብሮ ገብቷል። ለብቻው ጫኑት የሚል መመሪያ ካጋጠመዎት ያረጀ ነውና ይለፉት።

ሦስተኛው የበለጠ ተንኮለኛ ነው። የምስል ወይም የሠንጠረዥ ቁጥር ይወጣል ብለው ሲጠብቁ፣ እሱም እንደጠፋ ማጣቀሻ በጥያቄ ምልክት ይመጣል። መንስኤው ቅደም ተከተል ነው። ለምስሎች ቁጥር የሚሰጠው ክሮስሬፍ የተባለው ፊልተርም ያንኑ የ@ ምልክት ይጠቀማል። ሲትፕሮክ ከቀደመ ሁሉንም የመጽሐፍ ማጣቀሻ አድርጎ ይወስደዋል። ትእዛዙ ላይ ክሮስሬፍን አስቀድመው፣ ሲትፕሮክን አስከትለው ይጻፉ። ፓንዶክን ሲያድሱም ክሮስሬፍን አብረው ያድሱ፤ ስሪታቸው ካልተጣጣመ ይነጫነጫሉ።

ዋቢ ዝርዝሩ ላይ «ዲኤንኤ» በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ከወጣ፣ በቢብቴክ ፋይሉ (ምንጮቹ በተመዘገቡበት የማጣቀሻ ፋይል) ውስጥ ቃሏን ብቻ በጠምዛዛ ቅንፍ ይክበቡ። ርዕሱን በሙሉ መክበብ ግን አይመከርም፤ ሌላ መጽሔት ሌላ ስታይል ሲጠይቅ ጣጣ ያመጣል።

የግዕዝ ፊደል ሲገባ ፒዲኤፉ ይቆማል

ፒዲኤፉን ለመሥራት ፓንዶክ ሳይነገረው የሚጠራው ሞተር ፒዲኤፍላቴክ የተባለው የላቴክ ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ የግዕዝ ፊደላትን አያነብም። ሞተሩን ወደ ዚላቴክ ወይም ወደ ሉዋላቴክ ይቀይሩ። አሁን ፒዲኤፉ ወጥቶ ፊደላቱ ባዶ ሳጥን ከሆኑ ወይም ከነጭራሹ ከጠፉ፣ ችግሩ ፎንቱ ነው። እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ ግዕዝ የያዘ ፎንት ዋና ፎንት ያድርጉ።

ጥቃቅኖቹ

ዝርዝሩ ካንቀጹ ጋር ተጣብቆ ወጣ? ከዝርዝሩ በፊት ባዶ መስመር ይተዉ። ገና ሲጀምር የያምል (በፋይሉ አናት ርዕስና የመሳሰለው የሚሞላበት ክፍል) ስህተት አለ? ርዕስዎ ውስጥ : ካለ ሙሉ ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ያስገቡት። ምስሉ አልተገኘም ካለ፣ ፓንዶክ የሚፈልገው ትእዛዙ ከተሰጠበት ፎልደር ተነስቶ መሆኑን ያስታውሱ።

የዎርድ ጣጣ

መጽሔቱ የሰጠውን ቴምፕሌት ማመሳከሪያ ሰነድ አድርገው ሲሰጡት መልኩ ሊበላሽ ይችላል። ፓንዶክ ከዚያ ሰነድ በዋናነት የሚወስደው ስታይሎችን ነው፤ ውስጡ የተጻፈውን አያይም። የስታይሎቹ ስምም እሱ ከሚያውቀው ጋር መግጠም አለበት። ስለዚህ ፓንዶክ ራሱ ካወጣው የዎርድ ፋይል ይጀምሩና ስታይሎቹን እዚያው ያስተካክሉ።

አብሮዎት የሚጽፈው ሰው በዎርድ አርሞ ሲመልስልዎት ደግሞ ይጠንቀቁ። ወደ ማርክዳውን ሲመልሱት ፓንዶክ እርማቶቹን ሁሉ ሳይጠይቅ ይቀበላል፣ የኅዳግ አስተያየቶቹንም ይጥላል። ትራክ ቼንጅስ የሚለውን አማራጭ «ሁሉንም» ላይ ካደረጉት ግን እያንዳንዱ ጭማሪ፣ ስረዛና አስተያየት ከነጸሐፊው ስም ይመጣልዎታል።