መንገዱ ክፍት ነው? የእግር መንገድን ሁኔታ በቴሌግራም እንዴት ማሳወቅ ይቻላል

ከአንኮበር በኩል ወደ ወፍ ዋሻ ጫካ የሚገባ የእግር መንገድ አለን። የሰፈሩ ሰው ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ይሄድበታል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከደብረ ብርሃንና ከአዲስ አበባ ሃይኪንግ የሚወጡ ልጆች ይመጡበታል። ቁጥቋጦውን የምንመነጥረው፣ ጭቃ ላይ ድንጋይ የምንደለድለው እኛው የሰፈሩ ሰዎች ነን። ወሬውን የማድረስ ሥራ ግን ለእኔ ደረሰኝ። ለምን ቢባል፣ ስብሰባው ላይ ስማርት ስልክ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናንተም ጋ እንዲህ ያለ መንገድ ካለ፣ እኔ በስንት ስህተት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ለመንገዱ ቁጥር ስጡት

ስልኩ ይቆይ። ጥበቃው ደውሎ «ዝግባው ጋ ዛፍ ወድቋል» ይለኝ ነበር። የትኛው ዝግባ? ጫካው ዝግባና ጽድ ነው! እሱ ያውቀዋል፣ ከቦሌ የመጣው ልጅ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ትልልቅ ድንጋዮች ላይ ከ1 እስከ 14 ቁጥር ጻፍን። በኖራ የጻፍነውን አንድ ክረምት አጠበው። የብረት በር የሚቀባበትን ቀለም ተጠቀሙ።

መንገዱን ማንም ሰው ሊጨምርበት በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ሳሉት። ማፕስ ሚ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ካርታውን የሚያገኘው ከዚያ ነው፤ ቀድሞ ያወረደው ሰው ኔትወርክ በሌለበትም ያየዋል።

2. ቻናል ክፈቱ፣ ግሩፕ አይሁን

ግሩፕ ሞክሬዋለሁ። ሃምሳ «እንደምን አደራችሁ» መሃል አንድ የመንገድ ወሬ ገብቶ ይጠፋል። ፌስቡክ ደግሞ የሦስት ቀን ፖስት ዛሬ አውጥቶ ያሳያል። ቲክቶክ ሰው ለመጥራት ጥሩ ነው፣ «ዛሬ አትምጡ» ለማለት ግን አይሆንም።

የማይለወጠውን ነገር አንድ ቦታ ጽፋችሁ ፒን አድርጉት፦ መነሻው የት ነው፣ ስንት ሰዓት ያስኬዳል፣ ምን ይያዛል። ጃኬት የሚለውን አትርሱ። ላይኛው ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በቲሸርት የሚመጣ ግን አይጠፋም።

3. ሦስት ወሬ አቀባይ ያዙ

የእኛዎቹ መነሻው ላይ ሻይ የምታፈላው እህታችን፣ የጫካው ጥበቃና ወንዙ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ስማርት ስልክ አያስፈልጋቸውም። ካርድ ግን ሙሉላቸው። በራሱ ካርድ የሚደውል ሰው ለሁለት ሳምንት ይደውላል፣ ከዚያ ይተዋል። አይፈረድበትም።

አጠያየቁ ላይም ተጠንቀቁ። «ወንዙ እንዴት ነው አባባ?» ስላቸው «ምንም አይልም ልጄ» ይሉኛል። እሳቸው በየቀኑ አህያ እየነዱ ይሻገሩታል፣ ለእሳቸው እውነትም ምንም አይልም። አሁን የምጠይቀው «ከቁርጭምጭሚት ነው፣ ከጉልበት ነው፣ ከጭን?» ብዬ ነው። ከጉልበት በላይ ከሆነ እዘጋለሁ።

4. መልእክቱን መጻፍ

ቀላል ይመስላል። እኔን ያዋረደኝ ግን ይሄ ነው።

ግንቦት ላይ ፀሐይ ያለበት የሚያምር ፎቶ ለጠፍኩ። ሥሩ «መንገዱ ክፍት ነው፣ ደረቅ ነው፣ ኑ!» ብዬ ጻፍኩ። ሰዉ ወደደው፣ ለየጓደኛው ፎርዋርድ አደረገው። ክረምቱ ሲገባ ያንኑ ፖስት ኤዲት አድርጌ «ዝግ ነው» አልኩና ተኛሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ ልጆች ከአዲስ አበባ መጡ። ጠዋት ወንዙን ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ዘነበ፣ ውሃው ሞላ፣ ማዶ ቀሩ። አባባ ባይኖሩ ኖሮ ጫካ ውስጥ ያድሩ ነበር። ቆሎና እሳት ያለበት ቤት አሳደሯቸው።

በማግስቱ አንዷ ስልኳን አሳየችኝ። የእኔው ፎቶ። የእኔው «ኑ!»። ቴሌግራም ላይ ዋናውን ብታስተካክሉትም ፎርዋርድ የተደረገው አይስተካከልም። እንደወጣ ይቀራል። ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር።

መጀመሪያ ተናድጄ ፎርዋርድ እንዳይደረግ ቻናሉን ቆለፍኩት። ባሰ። ሰዉ በቃሉ እየጻፈ መላክ ጀመረ፣ «እስከ ድንጋይ 8 ክፍት ነው» ያልኩት «ክፍት ነው» ሆኖ ደረሰ። ቁልፉን አነሳሁት። መልእክቱ የትም ቢሄድ ራሱን ችሎ እንዲናገር አድርጎ መጻፍ ይሻላል። አሁን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ቅዳሜ ሐምሌ 12 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። ከድንጋይ 1 እስከ 8 ክፍት ነው፣ ጭቃ አለው። ከ8 በኋላ ዝግ ነው፣ ወንዙ ከጉልበት በላይ ነው። ይህ መልእክት የሚያገለግለው እስከ ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ብቻ ነው።»

«ዛሬ» እና «ነገ» የሚሉትን ቃላት እርሷቸው። ፎርዋርድ የተደረገ «ዛሬ» መቼም ዛሬ ነው። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያገለግል መጻፍም ግድ ነው። በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እናንተ ያላችሁበት ደረቅ ሆኖ ተራራው ላይ ቢዘንብ ውሃው ይመጣል። ስለዚህ የጠዋት ወሬዬ ከ6 ሰዓት አያልፍም። አዲስ ስለጥፍ የድሮውን አጠፋለሁ።

ሰዓቱን «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ብላችሁ ጻፉ። እኛ 2 ሰዓት ስንል ብዙ ስልክ 8፡00 ይላል። የውጭ እንግዳ ካለ በእነሱ ቀንና ሰዓት ለብቻው አንድ መስመር ጨምሩ። አንድ ጊዜ ሁለት ቱሪስቶች በሌሊት መጥተው በብርድ ተንቀጥቅጠው ጠብቀውኛል።

ጉም ከሆነ «ጉም ነው» በቂ ነው። ጉም የሚበዛበትን የጣርማበርን መንገድ ያለፈ ሰው ይገባዋል።

የጸጥታ ነገር ሲሆን «ዝግ ነው» ብቻ እላለሁ። ምክንያት አልዘረዝርም፣ የሰማሁትን አልለጥፍም።

5. ዳታ ሲጠፋ

ይጠፋል። ለዚያ ሻይ ቤቱ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለናል። ያንኑ መልእክት እህታችን በጠመኔ ትጽፈዋለች፣ ቀኑንም ጭምር። የመንዝ ሰው የጓሳን የሣር መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየዘጋና እየከፈተ ሲጠብቅ፣ ሣሩ የሚታጨድበት ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገር ነበር። እኛም ቅዳሜ ገበያ ላይ እንናገራለን።

6. ሁለተኛ አድሚን

ሠርግ ትሄዳላችሁ፣ ትታመማላችሁ፣ ስልክ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። የእኔ ወድቋል። ለሌላ ሰው አድሚንነት ስጡ።

ያ የግንቦት ፎቶ ግን ዛሬም ይዞራል። ባለፈው አንድ ልጅ ለእኔው ላከልኝና «ወንድም፣ ይሄ እውነት ነው?» አለኝ።